«ሴት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስና ስለ ፈረንሳይኛው መምህር

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሴት» የሚባል አንድ ትንሽ ግስ አለ። ንባቡ ከአማርኛው ቃል ጋር ቢገጥም በምስጢር የሚዛመዱበት ነገር የለም። ጥንተ ትርጓሜው «አስቀመጠ» ማለት ነው፤ «ተቀመጠ» ከሚለው ግስ የወጣ አስደራጊ ነውና። የግእዝ ሊቃውንት ይህን መንገድ በሚገባ ያውቁታል፤ «ነበረ» ተቀመጠ፥ «አንበረ» አስቀመጠ ይሆናል፤ መንበርም ከዚሁ የወጣ ነው። ነገር ግን የእንግሊዙ ግስ ባስቀመጡት ስፍራ አልተቀመጠም።

እንግሊዛዊ መጽሐፉን በጠረጴዛ ላይ ሲያኖር «ሴት» ይላል፤ ቀን ሲቀጥር፥ ወጥመድ ሲያጠምድ፥ የወለቀ አጥንት ሲመልስ፥ በቀለበት ላይ ፈርጥ ሲያገባ፥ ሲሚንቶ ሲደርቅ፥ ፀሐይም ስትጠልቅ ያው «ሴት» ነው። ፈረንሳዊ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አይናገረውም። መጽሐፉን «መትር» ወይም «ፖዜ» ይለዋል፤ ቀኑን «ፊክሴ»፥ ይኸውም አጸና ማለት ነው፤ ወጥመዱን «ታንድር»፥ ይኸውም ወጠረ፥ ዘረጋ፤ አጥንቱን «ረመትር»፥ ወደ ስፍራው መለሰ፤ ፈርጡን «ሴርቲር»። ስለ ሲሚንቶው «ፕራንድር»፥ ያዘ፥ ይላል፤ በዚህስ ከአማርኛ ጋር ተስማማ። ፀሐይን ግን እንግሊዙ ተቀመጠች ያለ ያህል ሲናገር ፈረንሳዊው ተኛች ይላል፤ በአማርኛ ጠለቀች እንላለን። ፀሐይ አንዲት ስትሆን የመግቢያዋ ስም ሦስት ሆነ።

አንድ ግስ ይህን ያህል መንገድ እንዳለው የቋንቋው ተወላጅ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም፤ ከእናቱ ጡት ጋር ያገኘው ነውና። የሚያስተውለው በሌላ ቋንቋ ሊመልሰው የተነሣ ሰው ነው። በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ሆነ። ኖርማኖች አገሩን በ1066 ዓመት (የተጻፈው ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆኖ ብዙ ዘመን ቈየ። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ግን ከመኳንንቱ ብዙዎቹ ከመምህር ካልተማሩት በቀር አያውቁትም ነበር።

ከነዚህ መምህራን አንዱ ጆን ፓልስግሬቭ ነው። የሎንዶን ተወላጅ፥ በካምብሪጅና በፓሪስ የተማረ ካህን ሲሆን፥ ንጉሡ የእኅቱ የልዕልት ሜሪ የፈረንሳይኛ መምህር አድርጎ ሾመው። ልዕልቲቱ በ1514 ዓመት፥ በ18 ዓመቷ፥ ለ52 ዓመቱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 12ኛ ተዳረች። ትምህርቷ ለጌጥ ያህል አልነበረም፤ ሉዊ ከሠርጉ በኋላ ከእንግሊዛውያን አገልጋዮቿ አብዛኞቹን አሰናበተባትና ወጣቲቱ ንግሥት በባዕድ አደባባይ በተማረችው ቋንቋ ተደግፋ ቀረች። ባልዋም ሦስት ወር ሳይሞላ በ1515 የመጀመሪያ ቀን ሞተ።

ፓልስግሬቭ ማስተማሩን አልተወም፤ በ1530 ዓመትም ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። አርእስቱ በፈረንሳይኛ፥ ንባቡ በእንግሊዝኛ፥ መታሰቢያነቱም ለንጉሡ ነው። አሳታሚው ሪቻርድ ፒንሰን ሥራውን ቢጀምርም ሌላ ሰው ፈጸመው። ከመጽሐፉ እጅግ ሰፊው ክፍል የግሶች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱን ግስ «እኔ» ብሎ ይጀምርና ለአንድ ቃል አንድ ቃል መልሶ አያልፍም፤ ግሱ በሚነገርበት ልዩ ልዩ ስፍራ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፥ ፈረንሳይኛውንም ያስከትላል። የመምህሩ ብልሃት ይህ ነው። «ሴት» ማለት «መትር» ነው ብሎ ያስጠና ሰው ደቀ መዝሙሩን ፀሐይን እንደ ዕቃ በጠረጴዛ ላይ እንዲያኖር ያስተምረዋልና።

እንዲህ ያለውን ሥራ ግን ሁሉ እንዲያገኘው አልወደደም። ሌሎች የፈረንሳይኛ አስተማሪዎች ከገዙት እንጀራው እንዳይቀርበት ፈርቶ፥ ከፈቀደለት ሰው በቀር ለማንም እንዳይሸጥ አሳታሚውን ከለከለ። ስቲቨን ቮን የተባለው ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ማግኘት ቢሳነው፥ በኋላ የንጉሡ ዋና አማካሪ ለሆነው ለቶማስ ክሮምዌል በደብዳቤ ለመነ። ንፍገቱ የሚመሰገን አይደለም፤ ሆኖም በደቀ መዝሙር ክፍያ የሚኖር መምህር ሥጋቱ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በሌሎች እጅ ቀጠለ። በ1611 ኮትግሬቭ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በ1632 ሸርዉድ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልሰውን ጨመረበት። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፥ «ሴት»ን የመሰሉ ዘወትር የሚነገሩ ትንንሽ ግሶች ድካሙን እንዳበዙበት ተናገረ። በ1928 የተፈጸመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም ከቃላቱ ሁሉ ረጅሙን ስፍራ የሰጠው ለ«ሴት» ነው፤ በ1989 በታተመው በሁለተኛው እትም ግሱ ከ400 የሚበልጥ ትርጓሜ ተቈጥሮለታል። በኋላ በተደረገው እርማት ግን «ረን»፥ ማለት «ሮጠ»፥ የሚለው ግስ ቀደመው፤ በ2011 እንደ ተነገረው ትርጓሜው 645 ደርሷል። ሯጩ ተቀማጩን ቢቀድም አያስደንቅም።

የኦክስፎርድ ሊቃውንት የጥንቱን እንግሊዝኛ አነጋገር ሲመረምሩ ደጋግመው ከጠሯቸው ምስክሮች አንዱ ፓልስግሬቭ ነው። ፈረንሳይኛ ሊያስተምርበት የጻፋቸው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች የዘመኑን ቋንቋ ጠብቀው አቈይተዋልና። እርሱ ከሎንዶን መምህራን የሸሸገውን መጽሐፍ በ1852 ፈረንሳውያን በፓሪስ እንደ ገና አሳተሙት፤ ማንም ሊገዛው ተፈቀደ።