ዋንጫው ከሄደ በኋላ የሚቀረው

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። መደበኛው 90 ደቂቃ 2 ለ 2 በሆነ ውጤት አብቅቶ ስለነበረ፣ ድሉን የወሰኑት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በተጨማሪው ሰዓት ያገቧቸው ሁለት ግቦች ናቸው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ያ ዋንጫ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በአብደል አዚዝ አብደላህ ሳሌም ስም የተሰየመው ይህ ዋንጫ፣ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ አገር ለዘለቄታው የሚሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1965 እና በ1978 ያሸነፈችው ጋና የግሏ አድርጋዋለች። እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር ከዚያ ቀን የቀረው ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ከብር የተሠራ ዕቃ ሳይሆን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የመግቢያ ቲኬት፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ፣ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተቆርጦ የተለጠፈ ዜና፣ ምናልባትም ደጋግሞ ከመታጠብ የተነሣ ቀለሙ የለቀቀ ማልያ ነው። ዋንጫ የአሸናፊው ነው፤ ወረቀቱ ግን ያስቀመጠው ሰው ነው።

የሚወዱትን ቡድን የሚያስታውሱ ዕቃዎችን የመሰብሰብ ልማድ ብዙ ጊዜ እንደ ልጅነት ጨዋታ ወይም እንደ ሥራ ፈት ድካም ሲቆጠር ይታያል። ታሪኩን በቅርብ ለተመለከተው ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። ክለቦች የሚያስቡት ስለሚቀጥለው ጨዋታ ነው፤ መሥሪያ ቤቶችም የሚያስቡት ስለ በጀት ዓመቱ ነው። ያለፈውን ጨዋታ የሚያስብ ደጋፊው ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የእግር ኳስ መዝገብ ቤት ሆኖ የኖረው፣ ማንም ሳይሾመውና ደመወዝ ሳይከፍለው፣ ሰብሳቢው ነው።

የልማዱን ሥር ለማየት የጨዋታው ደንብ ቀድሞ በጽሑፍ ወደ ሰፈረበት አገር፣ ወደ እንግሊዝ፣ መመልከት ያስፈልጋል። በብራድፎርድ ከተማ ጆን ቤይንስ የተባለ የመጫወቻ ዕቃ ነጋዴ፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ የቡድኖችን ስምና ቀለም የያዙ ትናንሽ ካርዶች እያሳተመ ለልጆች ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን ለተመልካቹ የተጫዋቾችን ስምና ቦታ የሚያሳይ የጨዋታ ፕሮግራም በአንድ ቅጠል ወረቀት መታተም ጀመረ። ይህ ወረቀት የታሰበው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ መሬት ላይ ይጣላል። አንዳንዱ ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እ.ኤ.አ. በ1882 ኦልድ ኢቶኒያንስና ብላክበርን ሮቨርስ ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ የታተመው ፕሮግራም፣ ከ131 ዓመት በኋላ በ2013 በለንደን ሐራጅ 35,250 ፓውንድ ተሸጧል።

በአንጻሩ ዋንጫው ራሱ የደረሰበትን መመልከት ያስተምራል። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1895 አስተን ቪላ ካሸነፈ በኋላ በበርሚንግሃም በአንድ የጫማና የስፖርት ዕቃ መደብር መስኮት ለሕዝብ እንዲታይ ተቀምጦ ሳለ፣ መስከረም ወር ውስጥ በሌሊት ተሰረቀ። ክለቡ 25 ፓውንድ ተቀጣ፤ ዋንጫው ግን ዳግመኛ አልታየም። በምትኩ የተሠራው ሁለተኛው ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2005 በ478,400 ፓውንድ፣ በ2020 ደግሞ በ760,000 ፓውንድ ተሸጧል። በአፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የግብፅ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 አሮጌ ዋንጫዎቹን ለሙዚየም ለማዘጋጀት ሲቆጥር፣ አንዳንዶቹ በመጋዘኑ ውስጥ አለመኖራቸውን አስታውቆ ምርመራ ከፍቷል። የፌዴሬሽኑ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013 በእሳት ተያይዞ ነበር። በአንድ ቦታ የተከማቸ ቅርስ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በሺህ ቤት የተበተነ ግን በአንድ ቀን አይጠፋም።

ይሁን እንጂ የገንዘቡ ዋጋ ከፍ እያለ ሲሄድ ሌላ ችግር ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1857 የተቋቋመው ሼፊልድ የእግር ኳስ ክለብ በዓለም ላይ ካሉት የእግር ኳስ ክለቦች ሁሉ አንጋፋው ነው። ይኸው ክለብ በ2011 የመጀመሪያ ደንቦቹን የያዘውን ሰነዱን ለራሱ ማጠናከሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በ881,250 ፓውንድ ሸጠ። ክለቡ ለመኖር ሲል የልደት ወረቀቱን ሸጠ ማለት ይቻላል። ዲዬጎ ማራዶና እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ ላይ ሁለቱን ታዋቂ ግቦች ሲያገባ ለብሶት የነበረው ማልያም፣ ከጨዋታው በኋላ የተለዋወጠው እንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ለብዙ ዓመታት ለሙዚየም አውሶት ከቆየ በኋላ፣ በ2022 ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል። ሕዝብ ያየው የነበረ ዕቃ ወደ ግል እጅ ሲገባ ታሪኩም አብሮ ከሕዝብ ዓይን ሊሰወር እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ከገንዘብ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። እንግሊዛዊው ሰብሳቢ የሚጠብቀው የክለቡን ትዝታ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሰብሳቢ ግን የጠበቀው የክለቡን ስም ጭምር ነው። ለዚህ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ታሪክ ዋና ማስረጃ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራዳ፣ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሣሽነት ተመሠረተ። ገና ጥቂት ወራት እንደቆየ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ዋና ከተማይቱን ያዘ። በወረራው ዘመን ተወላጁና ኢጣልያናዊው በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ በዘር ሲለዩ፣ ክለቡም ስሙን ትቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። ከነጻነት በኋላ ስሙ ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድም ከኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ቀረበ። ያንን ዓመት ያሸነፈው የእንግሊዞቹ ቡድን ሲሆን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ክለቦች ከመሥሪያ ቤቶችና ከፋብሪካዎች ጋር ተያይዘው ሲደራጁ፣ የጥንቱ ስም እንደገና ተነሥቶ ቡድኑ በቢራ ፋብሪካው ስም ይጫወት ጀመር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው የቀድሞ ስሙን ያገኘው።

እንግዲህ አንድ ክለብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስሙን ተነጥቆ ሁለት ጊዜ ሲመልስ፣ ያው ክለብ ነው የሚያሰኘው ምንድን ነው? የቢሮ ፋይል አይደለም፤ ፋይሉ ከአዲሱ ስም ጋር አዲስ ሆኖ ይከፈታልና። ያው መሆኑን የሚያረጋግጡት፣ አባት ለልጅ ያሳየው የድሮ ፎቶግራፍ፣ በአዲሱ ስም የተሰጠውን ቲኬት ከአሮጌው ቲኬት ጎን ያስቀመጠ ደጋፊ፣ በመርፌ ትራስ ላይ ተወግቶ የቆየ የደረት አርማ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 365 ጨዋታዎች ተጫውተው 318 ግቦች ማስቆጠራቸው ይነገራል። እንዲህ ያለ ቁጥር በቃል ብቻ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይሻገርም፤ አንድ ሰው በየጨዋታው ተቀምጦ መጻፍና የጻፈውንም አለመጣል ይኖርበታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

መጠበቁም ቀላል አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ሲሰጡ የሚያሳየው የ1954 ዓ.ም. ፎቶግራፍ በብዙ ቤት በክብር ተሰቅሎ የኖረ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን የንጉሡን ምስል በግድግዳ ማቆየት የሚያስጠይቅበት ጊዜ መጣ። አንዳንዱ ቀደደው፤ አንዳንዱ አቃጠለው፤ አንዳንዱ ከሌላ ሥዕል ጀርባ በዚያው መስተዋት ውስጥ ደበቀው። የደበቀው ሰው በዚያን ጊዜ ስለ ታሪክ ጥበቃ ያሰበ አይመስልም፤ ያሰበው ስለ ቡድኑ ነው። ውጤቱ ግን የታሪክ ጥበቃ ሆነ።

ማስቀመጥ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የመሐንዲስነት ሙያ ይህን ጉዳይ በሚገባ ያውቀዋል፤ ግንባታው እንዴት እንደተፈጸመ የሚያሳየው ንድፍ የጠፋበት ሕንፃ፣ ግድግዳው ቢቆምም ውስጡ የማይታወቅ ዕቃ ነው። ማልያም ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ሲጫወት እንደለበሰው ካልተጻፈበት ጨርቅ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠራችን ነው። በፎቶግራፍ ጀርባ «1954» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ ነገሩን የማያውቅ የውጭ አገር ተመራማሪ በአውሮፓ አቈጣጠር ወስዶ ድሉን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1957 ከመመሥረቱ በፊት ሊያደርሰው ይችላል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው አጭር ምልክት የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ያድናል።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየትም መንገድ አለ። የማራዶና ማልያ ሲመረመር፣ በጨዋታው ቀን የተነሡ ፎቶግራፎች ከጨርቁ ጋር ተነጻጽረው የአርማው፣ የመስመሮቹና የቁጥሩ አቀማመጥ ነጥብ በነጥብ ታይቷል። ወረቀትንና ጨርቅን የበለጠ ነጭ የሚያስመስሉ ኬሚካሎች በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ የ1920ዎቹ ዓ.ም. ነው የተባለ ወረቀት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ሰማያዊ ሆኖ ቢያበራ ሊጠረጠር ይገባዋል። ለማልያ ግን ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ የጥንት ጨርቅ በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ያበራልና። የቦታ ስሞችም ይመሰክራሉ፤ የስታዲየሙ ወይም የክለቡ ስም ከዘመኑ ጋር የማይስማማ ቲኬት ራሱን ያጋልጣል።

አያያዙም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የተረፈ አሲድ ስላለበት ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል፣ ይሰባበራልም፤ ስለዚህ ከመስኮት ራቅ ብሎ፣ ከፎቶግራፍ ጋር ሳይነካካ ለብቻው ይቀመጥ። በማጣበቂያ ፕላስተር መለጠፍ በጊዜው ቢያምርም ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን በዘይት ያበላሸዋል። ለስላሳው ፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክም ከፎቶግራፉ ጋር ይጣበቃል። በአዲስ አበባ ክረምት ሻጋታ እንዳይዝ ሣጥኑ ከወለልና ከግድግዳ ተለይቶ አየር የሚያገኝ መሆን ይኖርበታል። በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ደግሞ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ስምና ቀን መጻፍ ያሻል። እነዚህ ሁሉ ማንም ሊያደርጋቸው የሚችል ተራ ሥራዎች ናቸው።

የሚቀረው ትልቁ ጥያቄ ሰብሳቢው ሲያልፍ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ በስደት ሲኖርባት በነበረችው ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዐርፏል፤ መንግሥቱ ወርቁም በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይቷል። በዚያን ዕለት በሜዳው ዙሪያ የነበረው ተመልካችም ዕድሜው እየገፋ ሄዷል። አንድ አዛውንት ባረፉ ማግሥት ቤት ሲጸዳ፣ ለልጆቹ ትርጉም የሌለው የወረቀት ጥቅል ወደ ሱቅ ሄዶ የቅመም መጠቅለያ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም.፣ ይኸውም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በተካሄደበት ዓመት ነው። ሁለቱ እኩያሞች ናቸው፤ የአንደኛው ወረቀት በሌላኛው መደርደሪያ ላይ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም። ዋናውን ዕቃ ለመስጠት የሚሳሳ ቤተሰብ እንኳ ፎቶግራፍ አስነሥቶ፣ ማን ምን እንደሆነ ጽፎ፣ ቅጂውን ለክለቡና ለቤተ መዛግብት ቢሰጥ ንብረቱም አይወሰድበትም፣ ታሪኩም አይጠፋም።

የ1954ቱ ዋንጫ የጋና ሆኗል፤ ያ ሕግ ነውና ቅሬታ የለበትም። ከዚያች ከሰዓት በኋላ በደጋፊው ኪስ የተረፈችው ቲኬት ግን ዛሬም በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ልትኖር ትችላለች። የሚያስፈልጋት፣ ያያት ሰው ገና በሕይወት ሳለ ስለ እርሷ አንድ መስመር እንዲጽፍላት ብቻ ነው።