ጌጡ ወደ ውጭ

ያን ቀን እማዬ ድፎውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ሞልታ፣ ለሦስታችንም በየኪሳችን ቆሎ ጨምራልን ነበር የወጣነው። የሰኔ ጾም ነው፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። አባባ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳሉ፣ እማዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። የሁለቱ የዕረፍት ቀን የሚገጥመው በስንት ጊዜ አንዴ ስለሆነ ያቺ እሑድ ለእኛ ለልጆቹ ከዓመት በዓል አታንስም። የት እንደምንሄድ ሳይነግሩን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን በአባባ ታክሲ ከፖቶማክ ወንዝ በላይ ወዳለችው ወደ ግሌን ኤኮ ፓርክ ወረድን። ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት፣ ከአንዱ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ከመኪናው ሳንወርድ ዜማው ደረሰን። የተበሳ የወረቀት ጥቅል እየመራው ከበሮና ዋሽንት ባንድ ላይ የሚያሰማ ትልቅ ኦርጋን ነበር። ከዚያ ካሮሴሉን፣ ልጆች ተቀምጠው የሚዞሩበትን መጫወቻ፣ አየነው። በአንድ ክብ ወለል ላይ 52 እንስሳት ተሰልፈዋል፤ 40 ፈረሶች፣ 4 ጥንቸሎች፣ 4 ሰጎኖች፣ ቀጭኔ፣ አጋዘን፣ አንበሳና ነብር። ሁሉም እንጨት ናቸው፤ ዓይናቸው ግን የመስታወት ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያዩ ይመስላሉ።

አባባ ተወልደው ያደጉት አገው ምድር፣ እንጅባራ አካባቢ ነው። እዚያ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቹን ያሰልፋል፤ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከሰው ጋር የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። እንግዲህ በዚህ ያደጉ ሰው፣ በታክሲ መሪ ላይ ስንት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ የእንጨት ፈረስ ፊት ቆሙ። አልሳቁም። ዙሪያውን በቀስታ ዞሩና አንድ በአንድ ይነግሩን ጀመር። ይኼ ዳማ ነው፣ ያ አምባላይ፣ ጥቁሩ ጉራቻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ልጓሙን ነኩ፣ ኮርቻውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ጠራቢው ፈረስ የሚያውቅ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም መሆኑን የነገሩን ያን ጊዜ፣ ተራ ስንጠብቅ ነው። «በሉ እናንተም ስም አውጡለት» አሉን። ታናሽ ወንድሜ ጉራቻውን መረጠና «አባ ዙር» አለው። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ፤ የድሮ ፈረሰኛ እርካቡን በእግሩ ጣት ይዞ እንደሚጋልብ አባባ ከዚያ በፊት ነግረውኝ ነበርና ብረቱን በአውራ ጣቴ ልይዝ ፈለግሁ። የካሮሴሉ ሠራተኛ መጥቶ በትሕትና ጫማዬን አስደረገኝ።

ከወረድን በኋላ አባባ አንድ ነገር አሳዩኝ። ካሮሴሉ የሚዞረው ወደ ግራ ስለሆነ ከውጭ የቆመ ሰው የሚያየው የፈረሱን ቀኝ ጎን ነው። ጠራቢው አበባውን፣ ዘለበቱን፣ የተበተነውን ጋማ ሁሉ ያፈሰሰው በዚያ በኩል ነው። በግራ፣ ወደ ውስጥ በሚዞረው ጎን ግን እንጨቱ ልሙጥ፣ ጌጡም ጥቂት ነው። የአሜሪካ ካሮሴሎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። «ጌጡ ወደ ውጭ ነው» አሉ አባባ። በልጅነቴ ይህን የሙያ ወሬ ብቻ አድርጌ ሰማሁት።

የእንጨቱ ፈረስ እውነተኛ አባቶች ነበሩት። ካሮሴል የሚለው ስም የመጣው ከፈረሰኞች ጨዋታ ነው፤ ሉዊ 14ኛ በ1662 ፓሪስ ላይ ያዘጋጀው ትልቅ የፈረሰኛ ትርኢት ለተካሄደበት አደባባይ ስሙን ትቶለት አልፏል። ባላባቶቹ እየጋለቡ የተንጠለጠለ ቀለበት በጦር ይወጋሉ፤ ለዚያ መለማመጃ በእንጨት ፈረስ ተቀምጦ መዞር መጣ፣ ቆይቶም ልምምዱ ለልጆች ቀረ። በብዙ የአሜሪካ ካሮሴሎች ልጆች እየዞሩ የናስ ቀለበት ለመንጠቅ እጃቸውን ይዘረጉ የነበረው የዚያ ትዝታ ነው። ጉግስን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የግሌን ኤኮው ካሮሴል በ1921 ከፊላደልፊያው ዴንትዝል ኩባንያ የመጣ ነው። ጉስታቭ ዴንትዝል ከጀርመን የተሰደደ ሰው ነበር፤ ይህኛው የተሠራው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በልጁ በዊልያም ዘመን ነው። ፓርኩን ይዞት የነበረው ደግሞ የትራም ኩባንያ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ትራም ኩባንያዎች በመስመራቸው ጫፍ መዝናኛ ይከፍቱ ነበር፤ በሥራ ቀን ሠራተኛ የሚያመላልሰው ትራም እሑድ ባዶውን እንዳይሄድ። የቤተሰብ እሑድ የሚባለው ነገር የተሰፋው በከፊል በዚህ የቲኬት ስሌት ነው። በ1930ዎቹ ትልቁ የመዋኛ ገንዳና የዳንስ አዳራሹ ተጨመሩ፣ ግሌን ኤኮም የዋሽንግተን ሰው የሚጎርፍበት ሆነ።

የነጩ ሰው፣ ማለት ነው። ጥቁር ቤተሰብ በዚያ በር አይገባም ነበር። እስከ 1960 ድረስ ካሮሴሉ ከተተከለ 39 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጥቁር ልጅ ግን አልተቀመጠበትም። ዋሽንግተን ውስጥ የጥቁሮቹ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበረ፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት፣ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን የሚያቀርቡት የታሪክ ሊቅ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ያስተማሩበት። ከዚያ ግቢ ወጥቶ በትራም ግሌን ኤኮ የወረደ ሐበሻም ቢሆን የሚጠብቀው ያው መልስ ነበር።

ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ተማሪዎች መጡ። ነጭ ጓደኞቻቸው በገዙላቸው ቲኬት ገብተው ፈረሶቹ ላይ ተቀመጡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ሎረንስ ሄንሪ ዘሩ ምን እንደሆነ በጥበቃው ሲጠየቅ ከሰው ዘር መሆኑን መለሰ። ጥበቃው የካውንቲው ምክትል ሸሪፍ ሆኖ የተሾመ ነበር፤ ለመውጣት አምስት ደቂቃ ሰጣቸው። ካሮሴሉ አልተነሣም። እነሱም አልወረዱም። አምስቱ ታሰሩ፤ ከነሱ አንዷ ግዌንዶሊን ግሪን ናት፣ በዓመቱ የዘር መድልዎን ለመቃወም በአውቶቡስ ከተጓዙት ከፍሪደም ራይደሮች ጋር ሚሲሲፒ ወርዳ እስር ቤት የገባች፣ ኋላም የሜሪላንድ ግዛት ሴናተር የሆነች።

እኔ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ አምስት ደቂቃ ነው። ሃያ ዓመት አካባቢ የሆነ ወጣት በማይንቀሳቀስ የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ምሰሶውን ይዞ፣ ዙሪያው የቆመው ሰው እያየው። ዜማ የለም። የታገሉት ለድምፅ መስጫ ወይም ለትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ልጅ በእሑድ ቀን ከእናት ከአባቱ ጋር እንዲሥቅም ነው። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ልጁን «አንተ አትገባም» ብለው ከበር ያልመለሱበት መሆን አለበት።

ያን በጋ ተቃውሞው በሰልፍ ቀጠለ። በቅርብ ያለው የባኖክበርን ሰፈር ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ አይሁዶች፣ ከተማሪዎቹ ጎን ቆሙ፤ የአሜሪካ ናዚ ፓርቲ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒ ሰልፍ ይዘው መጡ። በ1961 የጸደይ ወራት በሩ ለሁሉም ተከፈተ። የእስረኞቹ ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1964 ፍርዱ ተሻረላቸው። ፓርኩ ግን ብዙ አልቆየም፤ የ1968ቱ ወቅት የመጨረሻው ሆነ። በ1970 ካሮሴሉ ወደ ሌላ ግዛት ሊሸጥ ሲል የአካባቢው ሰው 80 ሺህ ዶላር አዋጥቶ አስቀረው፤ በዓመቱም ቦታው ወደ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ዞረ። ከ1983 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል አንዲት ባለሙያ በላዩ የተደራረበውን ቀለም እየፋቀች የመጀመሪያውን መልክ አወጣችው። እኛ ያን እሑድ የደረስነው በዚያ መሃል ነው። ከፊሉ ፈረስ ታድሶ ያበራል፣ ከፊሉ አሮጌ ቀለሙን ለብሶ ተራውን ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ያኔ አናውቅም ነበር። ሣር ላይ ጋቢ አንጥፈን ድፏችንን ቆርሰን፣ አመሻሽተን ተመለስን። ማንም በበሩ አላቆመንም፤ ለምን እንዳላቆመንም አልጠየቅንም።

ባለፈው በጋ አባባንና ሴት ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ታሪኩን እየቆምኩ በአማርኛ ነገርኳቸው። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙና «ሳይንቀሳቀስ ነው የተቀመጡት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። በልጅነቴ አንድም ጊዜ ወጥተው አያውቁም፤ እኛን ሲያዩ ነበር የሚውሉት። አሁን ከዘራውን ሰጡኝ። በውጨኛው ረድፍ ያለውን አንድ ዳማ መረጡ፣ በእኔ ትከሻ ተደግፈው ወጡ፣ ምሰሶውን ያዙ። ልጄ ከጎናቸው ሰጎኗ ላይ ተቀምጣ «አያባ፣ ለምን አይሄድም?» እያለች ትቁነጠነጣለች።

«ቆይ» አሏት።

ደወሉ ተደወለ፣ ወለሉም ተነቃነቀ።