ምስክር ያጣው ኑዛዜ

የሕዝብ የሥዕል ቤት የሚሞላው በመንግሥት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቸር ሰዎች በሕይወታቸው በሚሰጡትና ሲሞቱ በሚናዘዙትም ጭምር ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት 38 ሥዕሎች በ57,000 ፓውንድ ገዝቶ የሎንዶንን ብሔራዊ የሥዕል ቤት መሠረተ። ሰር ጆርጅ ቦሞንትም ተገቢ ስፍራ ቢዘጋጅ የራሳቸውን ሥዕሎች ለመስጠት ቃል ገብተው ነበርና በ1826 ሰጡ።

ነገር ግን ስጦታ ሕግን ካልተከተለ ክርክር ያመጣል። የአየርላንዱ ተወላጅ ሰር ሂው ሌን፥ የደብሊን ከተማ ሹማምንት የጠየቁትን የሥዕል ቤት ስላልሠሩላቸው ተቀይመው፥ 39 ሥዕሎች ለሎንዶን ተናዘዙ። በ1915 መጀመሪያ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ሥዕሎቹ ለደብሊን እንዲሆኑ ጽፈው ፈረሙ፤ ምስክር ግን አላስፈረሙም። ከሦስት ወር በኋላ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ሉሲታኒያ የተባለችውን መርከብ ሲያሰጥም አብረው ሞቱ።

አየርላንዶች «የሟቹ ፈቃድ ይፈጸም» አሉ፤ እንግሊዞች ደግሞ «ምስክር የሌለው ጽሑፍ በሕግ አይጸናም» አሉ። ክርክሩም ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1959 ሥዕሎቹ በሁለት ተከፍለው በየተራ በደብሊን እንዲታዩ ተስማሙ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የሌን ታሪክ ግን የተጻፈውም ቢሆን ምስክር እንደሚያሻው ያስተምረናል።