ሞተሪኖው ከመውረዱ በፊት

ቁልፉ ዞረ፤ ከኮፋኑ ስር አንዲት «ቀጭ» ተሰማች፤ ከዚያ ዝም። የድሮ ላንድሮቨር ያለው ሰው ይህቺን ድምፅ ያውቃታል። አጠገቡ የቆመውም ያውቃታል፤ ፍርዱም ወዲያው ነው፦ «ሞተሪኖው አልቋል፣ አውርድና ቀይረው።» የእኔዋ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሲሪስ 2ኤ እንዲህ ዝም ባለችኝ ጠዋት እኔም መፍቻ ለማንሳት ቸኩዬ ነበር። ያስቆመኝ ከፊቷ ያለው የማኖቬላ፣ የእጅ ማስነሻው ዘንግ፣ መግቢያ ነው። ፋብሪካው ሞተሪኖ ከገጠመላት በኋላ እንኳ ያን ቀዳዳ አልደፈነባትም።

ሞተሪኖ ሳይኖር ሞተር የሚነሳው በክንድ ነበር። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ከተማ ያመጣት የመጀመሪያዋ መኪናም የምትነሳው በሰው ጉልበት ነበር። አሠራሩ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል፣ ማኖቬላው ከታች ወደ ላይ ይሳባል፣ ወደ ታች አይገፋም። እሳቱ ቀድሞ ከተነሳና ሞተሩ ወደ ኋላ ከረገጠ፣ ጠምጥሞ የያዘ ሰው አንጓው ይሰበራል። ከእጅ አንጓ ስብራቶች አንዱ በሕክምና መጻሕፍት እስከ ዛሬ «የሾፌር ስብራት» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ታሪክ የለወጠው ሰው ቻርልስ ኬተሪንግ ይባላል፤ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ ይሠራ ነበር። ከመኪና በፊት ሥራው የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነበር፤ የመፍትሔውን ቁልፍ የሰጠው ያ ሥራ ነው። በጊዜው ብዙ መሐንዲሶች ሞተር የሚያስነሳ ኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ የመኪናውን ሞተር የሚያህል መሆን አለበት ይሉ ነበር። ልክ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ። ኬተሪንግ ግን የመመዝገቢያዋ መሳቢያ የምትከፈተው በቅጽበት መሆኑን አይቷል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሸከመው የሚያቃጥለውን ሸክም ለዚያች ቅጽበት ይችለዋል፤ ከዚያ ያርፋል፣ ይቀዘቅዛል። ትንሿ የሞተሪኖ ጥርስ በትልቁ የቮላኖ፣ የሞተሩ መዘውር፣ ጥርስ ላይ ስትዞር ደግሞ ጉልበቷ ይባዛል። ሐሳቡ በ1911 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በ1912 የካዲላክ መኪኖች ላይ ወጣ። ዛሬም ቁልፍ ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚያስጮህ ሾፌር ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው፤ ሞተሪኖ የተሠራው ለአፍታ ነው።

ለውጡ የክንድ እረፍት ብቻ አልነበረም። ማኖቬላ የማያስፈልጋቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ለሴቶች ተብለው ይሸጡ ነበር፤ የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ራሷ የምትነዳው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር። ሞተሪኖ ሲመጣ ይህ ብልጫቸው ቀረ፤ የፎርድ ሞዴል ቲም በ1919 እ.ኤ.አ. አገኘው።

ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ሲቀርብ ሞተሪኖ የተለመደ ዕቃ ሆኗል። የሮቨሩ ሞሪስ ዊልክስ መኪናዋን ያሰባት የጦርነት ዘመን ጂፑን በእርሻው ላይ እየነዳ ነው፤ ማኖቬላውን ያላስቀረላትም፣ እንደሚመስለኝ፣ ከጋራዥ ርቃ የምትሠራ መኪና ስለሆነች ነው። እኛ ዘንድ ክፍሉ ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ነው፤ ሞተሪኖ ማለት ትንሽ ሞተር ማለት ነው፤ ከቮላኖ፣ ከካንዴላ፣ ከፍሪሲዮን ጋር ወደ ጋራዦቻችን ገብቶ ቀረ።

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ። መጀመሪያ የፊት መብራት አብርቼ ቁልፉን አዞርኩ። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ጥርሱ ተነክሶ ቀርቷል። የተነከሰ ከሆነ ማርሽ አስገብቶ መኪናዋን ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ ያስለቅቀዋል፤ በድሮዎቹ የሉካስ ሞተሪኖዎች ጫፍ ላይም በመፍቻ የሚዞር አራት ማዕዘን አለ። የእኔ መብራት ግን ንቅንቅ አላለም፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ብቻ ነው፤ እሱ ዝጓል። ፈትቼ አጽድቼ አሰርኩት። ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ አጉረመረመና እንደገና ዝም አለ።

አሁን መውረድ ነበረበት። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ተፈታ፣ ከዚያ የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ፣ ከዚያ ማሰሪያዎቹ፤ ብረቱ ከባድ ስለሆነ በሌላው እጅ ደግፌ ነው። ሲከፈት ካርቦኖቹ እስከ ሽቦው ተበልተዋል፤ ጥርሱ የሚንሸራተትበት ጠመዝማዛም በድሮ ቅባትና በአቧራ ተለጥፏል። እዚያ ቦታ ቅባት አይቀባም፤ በቤንዚን ታጥቦ ደረቅ ሆኖ ይገጠማል።

ጎረቤቴ አዲስና ቀላል ሞተሪኖ ግዛ ብሎኝ ነበር። አልገዛሁም። እንደ እኔዋ ባሉ ቀደምት ላንድሮቨሮች ላይ ማሳው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። የድሮው ሞተሪኖ መግነጢሱን የሚያገኘው ከራሱ ሽቦ ስለሆነ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቢገለበጥም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል፤ ቋሚ ማግኔት ያለው አዲስ ግን እዚያ ላይ ቢገጠም ወደ ኋላ ይዞራል። አራት ካርቦን ገዛሁ፣ የመዳብ ቀለበቱን አጸዳሁ፣ መልሼ አሰርኩት። ቁልፉ ሲዞር ጥርሱ ቮላኖውን መታ፣ ሞተሯ ተነሳች። ማኖቬላው ከወንበሩ ኋላ በቦታው ቀረ።