ያልተሰለፍንለት ፓርላማ

መርካቶ ሱቅ ያለውን ሰው «በአፍሪካ ፓርላማ ማን ይወክልሃል?» ብትሉት፣ «እንዲህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ቢመልስላችሁ አትፍረዱበት።

አለ። የተከፈተውም እዚሁ አዲስ አበባ፣ መጋቢት 9 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ታንዛኒያዊቷ ገርትሩድ ሞንጌላ ነበሩ። በወራት ውስጥ መቀመጫው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ሄደ። እያንዳንዱ አባል አገር 5 ሰው ይልካል፤ ከአምስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ናት። የሚመርጣቸው ግን የየአገሩ ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ አይደለም።

ሕዝቡ ምርጫ ስለሚሰለቸው እንዳይመስላችሁ። በማግስቱ ዓመት፣ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ይኸው የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ ለመስጠት ለሰዓታት ተሰልፎ ቆሟል። ያ ሰልፍ ምን እንዳስከተለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን አልገባበትም።

አውሮፓውያን ፓርላማቸውን በቀጥታ መምረጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ያኔ 62 በመቶው መራጭ ወጣ። በ2014 ወደ 43 በመቶ ወረደ፣ በ2019 ተመልሶ ከ50 በመቶ አለፈ። ቢያንስ እነሱ ዘንድ ሕዝብ ሲያኮርፍ በቁጥር ይታወቃል። የእኛ ኩርፊያ በምን ይቆጠር?

ጉዳዩ ደግሞ ለነጋዴ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን አጽድቃለች። በዚያ መንገድ የሚመጣ ዕቃ ዞሮ ዞሮ መርካቶ መራገፉ አይቀርም። ፓርላማው ግን እስካሁን ያማክራል እንጂ ሕግ አያወጣም። ባለ ሱቁ ቀረጡ ቢከብደው አቤት የሚለው ለየትኛው ተመራጭ ነው?