ለፋብሪካ የሚጣል ጥሎሽ

ባጃጅ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም በእኛ አፍ የተሽከርካሪው ስም ሆኖ ከቀረ ቆየ። እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ኩባንያው ባለ ሦስት እግሮቹን የሚሠራው የት ነው? በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት፣ ዋሉጅ በሚባል ስፍራ ነው። ዋሉጅ የሚገኘው ድሮ አውራንጋባድ ትባል ከነበረችው ከተማ አጠገብ ሲሆን ፋብሪካው የተከፈተው በ1985 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደቡ ቦምቤይ፣ የኩባንያው ነባር ፋብሪካ ደግሞ ፑኔ እያለ ከባሕር ርቆ ወደ ውስጥ መግባት ለምን አስፈለገ?

መልሱ ፖሊሲ ነው። የማሃራሽትራ መንግሥት ከ1964 ጀምሮ ከቦምቤይና ከፑኔ አካባቢ ርቀው ለሚተከሉ ፋብሪካዎች ማበረታቻ ይሰጥ ነበር። ፋብሪካው ከሁለቱ ከተሞች በራቀ መጠን ማበረታቻውም ያድጋል። በእኛ አገር ሙሽራ ለማግባት ጥሎሽ እንደሚጣለው ሁሉ፣ የህንድ ክፍለ ግዛቶችም ፋብሪካ ወደ ደጃቸው ለማስገባት ጥሎሽ ሲጥሉ ኖረዋል። (በህንድ ልማድ ስጦታው የሚመጣው ከሴቷ ወገን ነው፤ ስለዚህ ምሳሌው የእኛ እንጂ የእነሱ አይደለም።) መሬት፣ መብራት፣ ውሃ፣ የግብር እፎይታ፣ ርካሽ ብድር የጥሎሹ ዕቃዎች ናቸው። ጥያቄው ታዲያ ይህ ሁሉ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው።

ቁልፉ ዴልሂ በነበረበት ዘመን

ነጻነት ከተገኘ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት የክፍለ ግዛቶች እጅ አጭር ነበር። በ1951 የወጣው የኢንዱስትሪ ሕግ፣ ፋብሪካ መክፈትም ሆነ ያለውን ማስፋፋት የሚፈልግ ሁሉ ከማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ። ምን ያህል እንደሚያመርት የሚወስነው ገበያው ሳይሆን ዴልሂ ያለው ቢሮ ሆነ። ባጃጅ ራሱ የዚህ ዘመን ምስክር ነው። ስኩተሮቹን የፈለገ ህንዳዊ ተመዝግቦ ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ገዢ ሞልቶ፣ አምራቹ እያለ፣ የጠፋው ፈቃድ ነበር።

ለክፍለ ግዛቶች የቀራቸው መሬት፣ መብራትና የሽያጭ ታክስ ነው። ያለቻቸውን ይዘው ሠሩባት። ማሃራሽትራና ጉጃራት በ1960 ከአንድ ክፍለ ግዛት ተከፍለው እንደተፈጠሩ፣ በ1962 እያንዳንዳቸው መሬት አዘጋጅቶ፣ መንገድና ውሃ አስገብቶ ለፋብሪካ የሚያከራይ መንግሥታዊ ድርጅት አቋቋሙ። ታሚል ናዱ በ1971 ተከተለች። ዋሉጅም የዚህ ሥራ ፍሬ ናት።

በምሥራቅ በኩል ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በእንግሊዞች ዘመን የኢንዱስትሪ ማዕከል የነበረችው ምዕራብ ቤንጋል የድንጋይ ከሰሉና የብረቱ ጎረቤት ነበረች። ዴልሂ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የማጓጓዣውን ዋጋ እያካካሰ ብረቱ በመላ አገሪቱ በአንድ ዋጋ እንዲሸጥ አደረገ። ሐሳቡ ለእኩልነት ነበር። ውጤቱ ግን ምሥራቁ በማዕድን ደጃፍ ላይ መቀመጡ ብዙም እንዳይጠቅመው ሆነ። ብረቱ በሁሉም ቦታ ዋጋው አንድ ከሆነ፣ ባለሀብት ወደቡና ገበያው ወዳለበት ወደ ምዕራብ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? በዚያ ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ቤንጋል ሠራተኞች የፋብሪካ ኃላፊዎችን ከበው አናስወጣም የሚሉበት «ጌራዎ» የተባለ ትግል ተስፋፋ። ካፒታል ደግሞ እግር አለው፤ ወጣ።

በሐምሌ 1991 የናራሲምሃ ራኦ መንግሥት፣ ማንሞሃን ሲንግን የገንዘብ ሚኒስትር አድርጎ፣ ከ18 የኢንዱስትሪ ዘርፎች በስተቀር ፈቃድ የሚባለውን ነገር አስቀረው። ከዚያች ቀን በኋላ ባለሀብቱ ዴልሂ ደጅ መጥናት ትቶ ክፍለ ግዛቶችን ማወዳደር ጀመረ። «አንተ ምን ትሰጠኛለህ? ጎረቤትህ ይህን ያህል ብሎኛል» የሚል ዘመን መጣ።

ሲንጉር

ምዕራብ ቤንጋልን ከ1977 ጀምሮ የመራው በኮሙኒስቶች የሚመራው የግራ ግንባር ነው። ይህ መንግሥት ስሙን የተከለው በመሬት ነበር። ከ1978 ጀምሮ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገበሬዎችን መዝግቦ፣ ባለመሬቱ እንዳያባርራቸው የሕግ ዋስትና ሰጣቸው። ገበሬውም ውለታውን በምርጫ ኮሮጆ መለሰለት።

በ2000 ሥልጣን የያዙት ዋና ሚኒስትር (የእኛ ርዕሰ መስተዳድር እንደማለት ነው) ቡዳዴብ ባታቻርጂ ግን እርሻ ብቻውን የተማረውን ልጅ እንደማይቀጥር ገብቷቸው ነበር። በግንቦት 2006 ግንባሩ ከ294 መቀመጫዎች 235ቱን አሸነፈ። ባታቻርጂ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን ራታን ታታ አንድ ዜና ይዘው ብቅ አሉ፤ የዓለም ርካሿ መኪና ናኖ፣ በ100,000 ሩፒ የምትሸጠው፣ ከኮልካታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሲንጉር ትሠራለች።

ለዚህ 997 ኤከር፣ ወደ 400 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተወሰደ። መሬቱ ለም ነበር፤ የባለቤቶቹ ቁጥርም በሺህ የሚቆጠር። መንግሥት የተጠቀመው ሕግ የ1894 ነው። አዎ፣ የቅኝ ገዢዎቹ ሕግ! «ለሕዝብ ጥቅም» ከተባለ ባለመሬቱ ፈቀደም አልፈቀደም ካሳውን ተቀብሎ ይነሳል። ብዙዎች ተቀበሉ። ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑት ግን ቼኩን አንነካም አሉ። በእኩል የሚያርሰውና የቀን ሠራተኛው ደግሞ ከመሬቱ ቢኖሩም የመሬቱ ዋጋ የእነሱ አልነበረም። ያ መንግሥት በ1978 ዋስትና የሰጠው ለማን እንደነበር አስታውሱ።

ተቃዋሚዋ ማማታ ባነርጂ በታኅሣሥ 2006 ከሦስት ሳምንት በላይ የርሃብ አድማ መቱ። በመጋቢት 2007 ደግሞ ለኬሚካል ፋብሪካዎች መሬት ይወሰዳል በተባለበት በናንዲግራም ፖሊስ ተኩሶ 14 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስለ ካሳ መጠን መነጋገር ቀረ፤ ነገሩ ደም ሆነ። የሲንጉሩ ፋብሪካ ግንባታ እየተገባደደ ሳለ፣ በጥቅምት 2008 መጀመሪያ ታታ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ።

ሳናንድ

ከአራት ቀን በኋላ ናኖ አዲስ አገር አገኘች። የጉጃራት ዋና ሚኒስትር የነበሩት ናሬንድራ ሞዲ በአህመዳባድ አጠገብ በሳናንድ 1,100 ኤከር ሰጡ። ሞዲ ለራታን ታታ የእንኳን ደህና መጡ አጭር የስልክ መልእክት መላካቸውን በኋላ እየደጋገሙ ተርከውታል። በጋዜጣው ዓለም ታሪኩ «ቀልጣፋው ጉጃራትና ሰነፉ ቤንጋል» ተብሎ ቀረ።

እውነቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ቤንጋልም በጥሎሽ አልሰነፈችም፤ የ90 ዓመት ሊዝና የሁለት ቢሊዮን ሩፒ ብድር በ1 በመቶ ወለድ አቅርባ ነበር። ጉጃራት ከዚህ በላይ ሄደች። በ20 ዓመት የሚመለስ፣ ወለዱ 0.1 በመቶ የሆነ፣ ጣሪያው በአሥር ቢሊዮኖች ሩፒ የሚቆጠር ብድር ፈቀደች። ቢሆንም ልዩነቱን የፈጠረው የጥሎሹ መብዛት ብቻ አይመስለንም። የሳናንዱ መሬት ቀድሞውኑ የመንግሥት ነበር፤ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ይዞታ። የሚፈናቀል ሺህ ባለመሬት አልነበረውም። ሲንጉር ላይ የታጣው የገበሬው እሺታ፣ ሳናንድ ላይ መጠየቁም አላስፈለገም።

ሂሳቡ ሲወራረድ

በ2011 ምርጫ የግራ ግንባር ከ34 ዓመት በኋላ ወደቀ፤ ባታቻርጂ የራሳቸውን መቀመጫ እንኳ አጡ። ማማታ ባነርጂ ሥልጣን ያዙ። በነሐሴ 2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሲንጉር መሬት የተወሰደው ከሕግ ውጪ ነው ብሎ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዘ። መሬቱ ተመለሰ፤ ኮንክሪት የፈሰሰበት ከፊሉ ግን እንደ ድሮው እርሻ ሊሆን አልቻለም። በጥቅምት 2023 ደግሞ የግልግል ዳኞች የክፍለ ግዛቱ ድርጅት ለታታ ሞተርስ 7.66 ቢሊዮን ሩፒ ያህል ከነወለዱ እንዲከፍል ወሰኑ። ልብ በሉ፤ መኪና ላልወጣበት ፋብሪካ ነው።

ናኖስ? «የድሃ መኪና» የሚለው ስም ገዢን አሸሸ፤ በ2018 ምርቷ የቆመ ያህል ሆነ። ያን ሁሉ ጥሎሽ ያስጣለችው ሙሽራ ትዳሯ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። ሳናንድ ግን አልሞተችም። ፋብሪካው ሌሎች የታታ መኪናዎች ይዞ ቀጠለ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም መጡ። መንገዱ፣ መብራቱና አቅራቢዎቹ አንዴ ከተሰባሰቡ በኋላ አንድ መኪና ቢከስር ከተማው አብሮ አይከስርም። የማበረታቻ ፖሊሲ ደጋፊዎች ጠንካራው ክርክር ይህ ነው፤ እኛም አንክደውም።

ዋጋው ግን ማሻቀቡን አላቆመም። በ2023 ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው በሳናንድ የኮምፒውተር ሜሞሪ ፋብሪካ ለመትከል ሲስማማ ከጠቅላላው ወጪ 50 በመቶውን ማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 በመቶውን ጉጃራት እንዲሸፍኑ ተወሰነ። ከመቶው ሰባው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ምዕራብ ቤንጋል በበኩሏ በ2025 ባወጣችው ሕግ ከ1993 ጀምሮ ቃል የገባቻቸውን ማበረታቻዎች ወደ ኋላ ሄዳ ሰረዘች፤ ገንዘቡን ለድሆች ድጋፍ አውለዋለሁ በማለት። ቃሉን አምነው የገቡት ኩባንያዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። አንዱ ያለ ልክ ይሰጣል፤ ሌላው የሰጠውን ይነጥቃል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዘላቂ ሆኖ የቀረ አንድ ነገር ቢኖር ሕጉ ነው። የ1894ቱ ሕግ ተሽሮ ከጥር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የመሬት ሕግ፣ መንግሥት ለግል ኩባንያ ብሎ መሬት ሲወስድ ከሚነካቸው ቤተሰቦች 80 በመቶው እንዲስማሙ ይጠይቃል። ለገጠር መሬት ካሳው እስከ ገበያው ዋጋ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፕሮጀክቱ በነዋሪው ኑሮ ላይ የሚያመጣው ጣጣም አስቀድሞ መጠናት አለበት። ባለሀብቶች ሕጉ ሥራ ያዘገያል እያሉ ያማርራሉ፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም በየበኩላቸው አላልተውታል። ሲንጉር ላይ ተቸኩሎ የተገኘው ትርፍ ግን የተዘጋ ፋብሪካ፣ የተሰባበረ ማሳና የአሥር ዓመት ክስ ነበር።

የሲንጉር ወጣት ሥራ አያስፈልገውም ነበር የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ባታቻርጂ ፋብሪካ መፈለጋቸውም ጥፋት አልነበረም። ጉድለቱ ያለው ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በእኛ ወግ ከጥሎሹ በፊት ሽማግሌ ይላካል፤ ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ እሺ ሲል ነው ቀን የሚቆረጠው። የቤንጋል መንግሥት ጥሎሹን ለታታ ጣለ፤ ሽማግሌውን ወደ ገበሬው ሳይልክ።