የሮኬቱ ልክ

ጅቡቲ ከተማ ላይ የአሮጌውን ምድር ባቡር ሐዲድ ሜትር ዘርግቶ የሚለካ ሰው፣ ከአንዱ ብረት የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው የውስጥ ጠርዝ ድፍን አንድ ሜትር ያገኛል። የመስመሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህች ከተማ ተነሣ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያቺ አንድ ሜትር ስፋት አልተለወጠችም። ለባቡር ሠራተኛ ይህ የሐዲድ ስፋት ነው። የጦር መሣሪያን አሳንሶ ለሚሠራ ሞዴል ሠሪ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ በአሮጌ ፎቶግራፍ ውስጥ ተጋድሞ የቀረ መለኪያ ነው።

የጦር ሮኬትን ሞዴል መሥራት ከሩቅ ሲያዩት የእጅ ሙያ ብቻ ይመስላል፦ ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ ማጣበቂያ፣ ቀለም። የሥራው ግማሽ ግን ፍለጋ ነው። ርዝመቱ ስንት ነው? ውፍረቱስ? ክንፉ የሚጀምረው ከጅራቱ ስንት ጣት ርቆ ነው? ሞዴሉ 1 ለ 35 ሆኖ የሚሠራ ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር መሳሳት በእውነተኛው ሮኬት ላይ 7 ሴንቲ ሜትር መሳሳት ነው። በየሰፈሩ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና የሚሠሩ ልጆች በዓይናቸው ብቻ ለክተው የሚያስደንቅ ነገር ያወጣሉ፤ ቢሆንም መኪናው በየቀኑ በፊታቸው ያልፋል። የጦር ሮኬት ወይ በምስጢር ተይዟል፣ ወይ ተተኩሶ አልቋል።

በኢትዮጵያ ምድር ሮኬት ለጦርነት የተተኮሰበት የታወቀ ቀን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አፕሪል 10 ቀን 1868። ዕለቱ ስቅለት ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒዬር ከዙላ የባሕር ዳርቻ አንሥቶ እስከ መቅደላ ግርጌ ባመጣው ሠራዊት ውስጥ ከመርከብ የወረዱ መርከበኞች ነበሩ። ፌሎውስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ይመራቸው ነበር፤ የያዙትም መድፍ ሳይሆን በበቅሎ የተጫኑ 12 የሮኬት ማስወንጨፊያ ቱቦዎች ነው። ለከባድ መድፎቹ ከሕንድ 44 ዝሆኖች በመርከብ መጥተው ነበር። ሮኬቱን ለማጓጓዝ ግን በቅሎ በቃ፤ ለተራራ ዘመቻ የተመረጠውም በዚህ ቅለቱ ነው።

የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከፈላ ቁልቁል ወደ እሮጌ ሜዳ ሲወርድ ቀድመው ተኩስ የከፈቱት እነዚህ ሮኬቶች ነበሩ። ቀጥሎም አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው ቆመው ጦርነቱን ይመለከቱበት ወደነበረው ወደ ፈላ ተተኮሱ። ገብርዬ በዚያው ቀን ወደቀ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ከእንግሊዞች ወገን የሞቱት 2 ናቸው። አብዛኛውን ሕይወት የቀጠፈው ሰዎቻችን በኋላ «ሰናድር» ያሉት አዲሱ ከኋላ ጎራሽ ጠመንጃ ነበር። ሮኬቱ ግን በጭሱ፣ በጩኸቱና በማያውቁት አካሄዱ ሰውንም ፈረስንም አስደነገጠ።

የዚያን ሮኬት ሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ስሙ ነው። እንግሊዞች ሮኬቶቻቸውን የሚጠሩት በፓውንድ ነበር፤ ፓውንዱ ደግሞ ስለ ርዝመትም ስለ ቅርጽም አይናገርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዊልያም ኮንግሬቭ የሠራው ባለ 32 ፓውንድ ሮኬት የብረት ገላው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረትና አንድ ሜትር አለፍ ያለ ርዝመት ነበረው። አቅጣጫውን የሚጠብቅለት የእንጨት ዘንግ ግን 4 ሜትር ተኩል ይደርስ ነበር። ዊልያም ሄል እ.ኤ.አ. በ1844 ባስመዘገበው ፈጠራ ይህን ዘንግ አስወገደና የሚወጣው ጋዝ ራሱ ሮኬቱን በአየር ላይ እንዲያሽከረክረው አደረገ። የእንግሊዝ ጦር የሄልን ሮኬት የተቀበለው በ1867 ነው፤ ከመቅደላ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ስለዚህ በለውጡ ዘመን ያለን ሮኬት ሞዴል የሚሠራ ሰው ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት የትኛውን ዓይነት እንደሚለካ መለየት አለበት። ዘንግ ያለውንና የሌለውን ያደባለቀ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር ሐሰት ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው የብረት ሮኬትን ያወቁት ተመትተውበት ነው። በደቡብ ሕንድ የማይሶር ገዢዎች፣ ሐይደር ዓሊና ልጁ ቲፑ ሡልጣን፣ የብረት ገላ ያለው ሮኬት የሚተኩስ ሠራዊት ነበራቸው። ቲፑ እ.ኤ.አ. በ1799 ከተሸነፈ በኋላ የተማረኩት ሮኬቶች ወደ እንግሊዝ ተጫኑ፤ ኮንግሬቭም ሥራውን የጀመረው ከእነዚያ ተነሥቶ ነው። በ2018 ደግሞ በሕንድ ካርናታካ ግዛት የደረቀ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ከ1,000 በላይ የቲፑ ዘመን ሮኬቶች ወጡ። ተለኩ፤ ርዝመታቸው ከ23 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለሞዴል ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። ዕቃው ራሱ ተናገረ።

ኢትዮጵያም ከመቅደላው ዘመቻ ሜትር ሊያርፍበት የሚችል ትልቅ ምስክር አላት። ሴባስቶፖል፣ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ተቀልጦ የተሠራው ሞርታር፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። አጼ ቴዎድሮስ መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጎተቱት። እንግሊዞች መጻሕፍቱንና ዘውዱን ጭነው ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው። አንድ ተማሪ ሴባስቶፖልን አሳንሼ ልሥራ ቢል እግሩ የሚቀርበው ወደ አደባባዩ ነው፤ መለካት የሚገባው ግን መቅደላ ያለውን ነው። ከቅጂ የተቀዳ ልክ፣ ቅጂው ላይ ስሕተት ካለ ስሕተቱን ይዞ ይወርዳል።

መቅደላ ከወደቀች 20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ ፈረንሳዊው ሌዎንስ ላጋርድ የጅቡቲን ከተማ መሠረተ። ቀደም ሲል የጦር መሣሪያ ወደ ሸዋ ይገባ የነበረው በባሕረ ሰላጤው ማዶ በታጁራና በኦቦክ በኩል፣ በግመል ጀርባ ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ በ1886 ከታጁራ ጠመንጃ አስጭኖ ወደ ምኒልክ ዘንድ ጉዞ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ጅቡቲ ሆነ። ምኒልክ በማርች 1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲያ መርከብ ያራገፈው ጭነት በግመል ፈንታ በፉርጎ በረሓውን ማቋረጥ ጀመረ። ፈረንሳዮቹ ከሸጡት ሁሉ በሕዝቡ አፍ የቀረው «ውጅግራ» ነው። ስሙ የመጣው ፉዚ ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ሲሆን አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ቁጥር ለሞዴል ሠሪ ወርቅ ነው። በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ወታደር ውጅግራውን አቁሞ ከመድፍ አጠገብ ከታየ፣ የመድፉ መንኰራኩር ቁመት ከጠመንጃው ጋር ተነጻጽሮ ይወጣል። ሰው መለኪያ አይሆንም፤ አጭርም ረጅምም አለና። ፋብሪካ የሠራው ጠመንጃ ግን ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው። ከጠመንጃው የሚታመን ደግሞ ሐዲዱ ነው፤ አይዘነብልም፣ እጅ ላይ አይወዛወዝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፉርጎው ሐዲድ ላይ ቆሞ ከፊት ለፊቱ በተነሣ ፎቶ ላይ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በፎቶው ላይ ያለ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር በእውኑ ግማሽ ሜትር ነው። ፉርጎው ላይ የተጫነው ሣጥን በፎቶው 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ሣጥኑ ሜትር ተኩል ነው። ጥንቃቄው ግን አለ። የሚለካው ነገርና ሐዲዱ የሚለካበት ቦታ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ወደ ካሜራው የቀረበ ነገር ይገዝፋል፣ የራቀ ያንሳል። ደግሞም የትኛው ሐዲድ እንደሆነ ማወቅ የግድ ነው። በጃንዋሪ 2017 ጅቡቲ ላይ የተመረቀው የአዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን መስመሮች ያምታታ ሰው አንድ ሜትሩን ሐዲድ በ1,435 ቢያሰላው፣ የሚያወጣው ልክ ሁሉ በ43.5 በመቶ ይጋነናል። የሞዴል መደብሮችም አያድኑትም፤ የአንድ ሜትር ሐዲድ በ1 ለ 87 ሲያንስ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ሊሆን ሲገባው፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ሞዴሉን በተሸጠው ሐዲድ የለካ ሰው ገና ሲጀምር ስቷል።

በጦርነት ጊዜ የሮኬት ልክ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ሆኖም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1944 የፖላንድ አርበኞች ጀርመኖች የሞከሩትንና ሳይፈነዳ በቡግ ወንዝ ዳር የወደቀውን ቪ-2 ሮኬት ከጠላት ዓይን ሸሽገው ፈታቱት፤ ለክተው፣ ሥለው፣ ሥዕሉን ከዋና ዋና ክፍሎቹ ጋር በጁላይ መጨረሻ አንድ ሌሊት በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ላኩ። ዛሬ የቪ-2 ሞዴል የሚሠራ ሰው 14 ሜትር ርዝመትና 1.65 ሜትር ውፍረት እንዳለው ሳይጠራጠር የሚጀምረው ከጦርነቱ በኋላ ሮኬቱ ተማርኮ፣ በየአገሩ ተፈትቶ ስለተለካ ነው።

በኢትዮጵያ የሮኬት ስም ሲነሣ ግን ሰው የሚያስታውሰው «ቢኤም»ን ነው። የሶማሊያ ወረራ በተመከተበት በ1970 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ከገቡት መሣሪያዎች አንዱ ነበር፤ ያው ጦርነት የጅቡቲን የባቡር መስመርም በጥሶት ነበር። እዚህም ስሙ ያሳስታል። ቢኤም በሩሲያኛ «የውጊያ መኪና» ማለት ነው፤ 40ዎቹን ቱቦዎች የተሸከመው የጭነት መኪና እንጂ ሮኬቱ አይደለም። በዚህ ስም ልክ የሚፈልግ ሰው የመኪናውን ልክ ያገኝና የሮኬቱን ያጣል። ሮኬቱ ራሱ 122 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2.87 ሜትር ርዝመት አለው። በ1 ለ 35 ሲሠራ 8.2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ከቀጭን መፋቂያ እንኳ የሚቀጥን ይሆናል።

ዛሬ ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና የጦር ሰፈሮች ያሉባት ከተማ ናት። ወደቡንም ሰፈሮቹንም ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ በዚህ ዘመን ያለን መሣሪያ ከአጥር ውጭ ሆኖ ለመለካት መሞከር ሞዴል ሠሪ ሊያደርገው የማይገባ ሥራ ነው። የእሱ ቦታ ታሪክ ነው፤ ወይም ልኩ በአደባባይ የተነገረለት የሰላም ሮኬት። የጅቡቲ መንግሥት በጃንዋሪ 2023 ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር ኦቦክ ላይ የሮኬት ማስወንጨፊያ ሥፍራ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ፈርሟል፤ ዋጋው 1 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የመጀመሪያዋ የጅቡቲ ሳተላይት ከካሊፎርኒያ በፋልከን 9 ሮኬት ተወነጨፈች። የፋልከን 9 ቁመት 70 ሜትር፣ ውፍረቱ 3.7 ሜትር እንደሆነ ሠሪው ኩባንያ ለሁሉ አሳውቋል። ጅቡቲ የሚኖር ተማሪ ያንን ሮኬት 1 ለ 87 አድርጎ ቢሠራው 80 ሴንቲ ሜትር ይሆንለታል፤ ከአሮጌው ሐዲድ ሞዴል አጠገብ ቢያቆመውም ሁለቱ በአንድ ልክ ይተያያሉ።

የሚያሳዝነው በቅርባችን ያለው ነው። አሮጌ ሐዲድ ይነቀላል፤ ፉርጎ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ይሸጣል፤ ከመሸጡ በፊት ግን ማንም አልለካውም። ለሴባስቶፖልም ማንም ተራ ተማሪ ሊያየው የሚችል፣ ከአፉ እስከ እግሩ የተለካ ሥዕል ታትሞ በየትምህርት ቤቱ መሰቀል ነበረበት። ይህን ለማድረግ ሜትር፣ ወረቀትና አንድ ቀን ይበቃል።

በጅቡቲ፣ በድሬዳዋ ወይም በለገሃር ሰፈር ከምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት የተወለዳችሁ ሁሉ፣ ከአባቶቻችሁ ሣጥን የወጣ የጣቢያ ፎቶ ካላችሁ ጀርባው ላይ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት። ስታስባዙትም የታችኛውን ጠርዝ አትቁረጡት፤ ሐዲዱ እዚያ ነው።